ለተለያየ መጠን ውሾች የአረማመድ መመርመሪያ መሣሪያን ማስተካከል፦ ችግርና መፍትሔ

3 ኪሎ የምትመዝን አንዲት ቺዋዋ በኃይል መለኪያ ሰሌዳው ላይ በአራት እግሯ በሶምሶማ ስትሄድ በዓይናችን እያየናት፣ ኮምፒውተሩ የኋላ እግሯ ሰሌዳውን እንዳልነካ አድርጎ መዘገበ። ከእርሷ ቀጥሎ 30 ኪሎ የሚመዝን ላብራዶር በዚያው ሰሌዳ ላይ ሲያልፍ ግን የአራቱም እግሮች መስመር ያለ አንዳች ጉድለት ታየ። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ሽቦ የተቆረጠ መስሎኝ ግማሽ ቀን መገጣጠሚያዎቹን ስፈትሽ ዋልኩ። ሽቦው ደህና ነበር፤ ሰሌዳውም ደህና ነበር። ያልተስተካከለው ለሰው ተብሎ የተሞላና ማንም ያልነካው አንድ ቁጥር ነበር።

በዚህ ሥራ ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮች አብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት ናቸው። የአረማመድ መመርመሪያ መሣሪያዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያ የተሠሩት ለሰው ሲሆን፣ ለውሻ ሲውሉም በአብዛኛው የተለመዱት ከ25 እስከ 35 ኪሎ በሚመዝኑ ውሾች ነው። የውሻ መጠን ግን ከየትኛውም የቤት እንስሳ በላይ የተራራቀ ነው። በጊነስ መዝገብ የሰፈረው ረጅሙ ውሻ፣ ዜውስ የተባለው ግሬት ዴን፣ እስከ ትከሻው 111.8 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ፐርል የተባለችው ቺዋዋ ደግሞ 9.14 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበረች። መጠን ሲለወጥ ክብደት፣ ርዝመትና ጊዜ አብረው ይለወጣሉ፤ ከዚህ በታች የተዘረዘረው እያንዳንዱ ችግር ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱ ወይም በሁለቱ የሚመጣ ስለሆነ፣ አንድ እንግዳ ንባብ ሲያጋጥም ውሻው ያነክሳል ወይም አያነክስም ከማለት በፊት መሣሪያው ከዚህ ውሻ ክብደት፣ ርዝመትና የእርምጃ ጊዜ ጋር ተስተካክሏል ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ምልክት፦ የትንሹ ውሻ እግር በመዝገቡ ላይ አይታይም፣ ወይም የትልቁ ውሻ መስመር ጫፉ ተቆርጦ ይታያል

የመጀመሪያው መንስኤ ሶፍትዌሩ «እግር ሰሌዳውን ነክቷል» ብሎ የሚወስንበት ዝቅተኛ የኃይል ገደብ ነው። ይህ ገደብ ለሰው በተዘጋጀ ፕሮግራም ላይ 20 ኒውተን ሆኖ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከምንም የማይቆጠር ኃይል ነውና። የ3 ኪሎ ውሻ ሙሉ ክብደት ግን 29.4 ኒውተን ብቻ ነው። ውሻ ቆሞ ሳለ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን በፊት እግሮቹ፣ 40 በመቶ ያህሉን በኋላ እግሮቹ ይሸከማል። በዝግታ ሲራመድ ደግሞ አንዱ የፊት እግር ብቻውን የሚያሳርፈው ከፍተኛ ቀጥታ (ወደ ታች የሚጫን) ኃይል ከክብደቱ 60 በመቶ አካባቢ፣ አንዱ የኋላ እግር የሚያሳርፈው 40 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ሂሳቡን ለቺዋዋዋ ስንሠራው የፊት እግሯ 18 ኒውተን፣ የኋላ እግሯ 12 ኒውተን ይሆናል። ሁለቱም ከ20 በታች ናቸው። በሶምሶማ ስትሄድ የፊት እግሯ ከገደቡ በላይ ስለሚወጣ ይመዘገባል፤ የኋላው ግን ከሙሉ ክብደቷ 65 በመቶ ያህል፣ ማለትም 19 ኒውተን ያህል ስለሚሆን አሁንም ይቀራል። የፊት እግር እየታየ የኋላው የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ገደቡን ለሁሉም ውሻ አንድ ቁጥር ከማድረግ ይልቅ ከክብደቱ ጋር ማያያዝ ነው። እኔ ከውሻው ክብደት 5 በመቶ ላይ እጀምራለሁ፤ ለ3 ኪሎ ውሻ ይህ 1.5 ኒውተን ያህል ነው። ገደቡ እንዲህ ሲወርድ ግን የሰሌዳው የራሱ ውዝዋዜ እንደ እግር ሊቆጠር ስለሚችል፣ አስቀድሞ ባዶውን ሰሌዳ 10 ሰከንድ ያህል መዝግቦ መስመሩ ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጥ ማየትና ገደቡን ከዚያ በግልጽ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይገባል።

ውዝዋዜው ራሱ ከ1.5 ኒውተን በላይ ከሆነ ችግሩ ያለው የሰሌዳውን ሲግናል በሚያጎላው መሣሪያ፣ በማጉያው፣ የመለኪያ ክልል ላይ ነው። ክልሉ ከ−5000 እስከ +5000 ኒውተን ሆኖ ሲግናሉን ወደ ቁጥር የሚለውጠው መሣሪያ ባለ 12 ቢት ከሆነ፣ ያ ሁሉ ስፋት በ4096 ደረጃ ስለሚከፈል አንዱ ደረጃ 2.4 ኒውተን ይሆናል፤ የቺዋዋዋ የኋላ እግር 12 ኒውተንም በአምስት ደረጃዎች ብቻ እንደ ደረጃ መውጫ ተሰባብሮ ይሳላል። መስመሩ ለስላሳ ጉብታ መሆን ሲገባው በደረጃ የተቆራረጠ ሆኖ ከታየ ማጉያውን ወደሚቀርበው ዝቅተኛ ክልል ማውረድ ያስፈልጋል። ይህን ያደረገ ሰው ቀጥሎ ትልቅ ውሻ ሲመጣ ክልሉን መመለስ እንዳይረሳ የውሻውን ክብደትና የተመረጠውን ክልል በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይጻፍ። 60 ኪሎ የሚመዝን ማስቲፍ በሶምሶማ ሲሄድ አንዱ የፊት እግሩ ከክብደቱ 110 በመቶ ያህል፣ ማለትም ወደ 650 ኒውተን ያሳርፋል፤ ክልሉ 500 ላይ ቀርቶ ከሆነ የመስመሩ ጫፍ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆረጣል። ሁለቱም የፊት እግሮች እኩል ስለሚቆረጡ የሚያነክሰው ውሻ ጤነኛ መስሎ ይታያል፤ ለዚህ ነው ይህን ስህተት ከሁሉም አብልጬ የምፈራው።

መስመሩ እግሩ ከተነሣ በኋላ ወደ ዜሮ የማይመለስ ከሆነ ደግሞ የሰሌዳው ዜሮ ነጥብ ተንሸራቷል ማለት ነው፤ በተለይ ፒዞኤሌክትሪክ ሰሌዳዎች፣ ማለትም ሲጫኑት ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ ክሪስታል የሚሠሩት፣ ይህ ጠባይ ስላላቸው ከእያንዳንዱ ምልልስ (ውሻው አንድ ጊዜ በሰሌዳው ላይ ከሚያልፍበት ጉዞ) በፊት፣ ሰሌዳው ላይ ምንም ሳይኖር፣ ዜሮ ማድረግ ይገባል።

ምልክት፦ የአንዱ ውሻ ቁጥሮች ከምልልስ ወደ ምልልስ ሰፊ ልዩነት ያሳያሉ

በመጀመሪያ የክብደት ሚዛኑን ይመልከቱ። ኃይሉ የሚተረጎመው በክብደት መቶኛ ስለሆነ ክብደቱ ላይ ያለ ስህተት በቀጥታ ወደ ውጤቱ ይገባል። ባለቤቱ ከትዝታው የነገረን ክብደት በ200 ግራም ቢሳሳት፣ ለ60 ኪሎ ውሻ ልዩነቱ ከግማሽ በመቶ በታች ነው፤ ለ3 ኪሎ ውሻ ግን ወደ 7 በመቶ ይጠጋል፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚጠበቀውን መሻሻል ሊሸፍን የሚችል ልዩነት ነው። ትንሽ ውሻ በዚያው ቀን፣ በአሥር ግራሞች በሚለይ ሚዛን ላይ፣ ማሰሪያውና መታጠቂያው ወልቆለት መመዘን አለበት።

ሁለተኛው መንስኤ ገመዱ ነው። ውሻውን የሚመራው ሰው ሳያውቀው ገመዱን በ5 ኒውተን፣ ግማሽ ኪሎ ዕቃ በእጅ በማንሣት ኃይል ያህል፣ ወደ ላይ ቢይዘው፣ ከማስቲፉ ክብደት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ከቺዋዋዋ ክብደት ግን 17 በመቶ ነው። ትንሿን ውሻ በዚህ ሁኔታ በፊት እግሮቿ ቀለል፣ በኋላ እግሮቿ ከበድ ብላ ስናገኛት ሕመም ፈላጊ ሐኪም ወዲያው የፊት እግሯን መመርመር ይጀምራል። ገመዱ ለስላሳና ቀጭን፣ ወደ መሬት ርግብ ብሎ የሚታይ መሆን አለበት፤ በጎን በኩል የሚቀርጽ ካሜራ ካለ ገመዱ የተወጠረበት ምልልስ ሁሉ ይጣል። ውሻዋ የምትከተለው ሰው ከፊቷ ቆሞ ቢጠራት ከመጎተት ይሻላል። አንገቷን ወደ መሪው ቀና አድርጋ ያለፈችበት ምልልስም እንዲሁ አይቆጠርም፤ ጭንቅላት ወደ ጎን ሲዞር ክብደትም አብሮት ይዞራልና።

ሦስተኛው ሰሌዳው ላይ የተነጠፈው ጎማ ነው። አንድ ወጥ ጎማ ሰሌዳውንና ዙሪያውን ወለል አንድ ላይ ከሸፈነ ከኃይሉ ጥቂቱ በጎማው አማካይነት ወደ ወለሉ ይሸሻል። ለትልቅ ውሻ የማይታወቅ ጉድለት ለትንሽ ውሻ ይታወቃል። ጎማውን በሰሌዳው ጠርዝ ዙሪያ በስለት ቆርጦ መለየት በቂ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጎማው የሰሌዳው አካል ስለሆነ እንደገና ዜሮ ይደረጋል።

ምልክት፦ ሁለት እግሮች በአንድ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ያርፋሉ

ይህ የርዝመት ችግር ነው። የተለመደው ሰሌዳ 40 በ60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን መጠኑ የተመረጠው ለሰው ጫማና እርምጃ ነው። የፊትና የኋላ እግሮቹ 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚራራቁ ውሻ በዝግታ ሲራመድ በ60ው ርዝመት ላይ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት እግሮቹን በአንድነት ያሳርፋል፤ ሰሌዳው ደግሞ ድምሩን እንጂ የእያንዳንዱን እግር ድርሻ ለይቶ አይነግረንም። በመዝገቡ ላይ ይህ ሁለት ጉብታ ባለው ወይም በመካከሉ ወደ ዜሮ በማይወርድ መስመር ይታወቃል።

ሰሌዳው ገና ሊተከል ከሆነ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነው ጎን በመራመጃው አቅጣጫ እንዲሆን ማድረግ ብዙ ችግር ይቀንሳል። በጀት ካለ ትንንሽ ሰሌዳዎችን በተከታታይ መትከል ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ትልቁ ውሻ ሲመጣ በተጓዳኝ ሰሌዳዎች ላይ የወረደውን የአንድ እግር ኃይል መደመር ይቻላልና። ሰሌዳው ተተክሎ ካለቀና ገንዘብም ከሌለ ግን በእንጨት የሚሠራ መላ አለ፤ ብዙ ጊዜ የተጠቀምኩበትም ይህንኑ ነው። ከሰሌዳው ጫፍ ላይ እንደ ድልድይ የሚሻገር፣ እግሮቹ በሰሌዳው ላይ ሳይሆን በዙሪያው ወለል ላይ የሚቆሙ፣ ጠንካራ ጣውላ ይሠራል። ጣውላው የሰሌዳውን ከፊል ሸፍኖ ለውሻው 20 ወይም 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ክፍት ይተውለታል። የመራመጃው ወለል ሁሉ በጣውላው ውፍረት ልክ ከፍ ማለት አለበት፣ ክፍት የተተወውም የሰሌዳው ክፍል በላዩ ላይ ብቻ በተጣበቀ ጠፍጣፋ እንጨት እንዲሁ ይነሣል፤ ካልሆነ ውሻው ወደ ጉድጓድ እንደሚገባ ሆኖ እግሩን ይጥላል። የመጨረሻው ፍተሻ ቀላል ነው፦ በድልድዩና በሰሌዳው መካከል አንድ ቀጭን ካርቶን ከዳር እስከ ዳር ሳይያዝ መሄድ አለበት፤ ቀጥሎ አንድ ሰው በድልድዩ መካከል ላይ በእጁ በሙሉ ክብደቱ ሲጫነው ሌላው ኮምፒውተሩን ይመለከታል፤ መስመሩ ከዜሮ ከተንቀሳቀሰ ጣውላው ጎብጦ ሰሌዳውን ነክቷልና ከሥሩ ማጠናከሪያ ይጨመርለት።

የትልቁ ውሻ ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። እርምጃው ረጅም ስለሆነ ሰሌዳውን ዘሎ ያልፋል፣ ወይም መዳፉ በጠርዙ ላይ ግማሽ በግማሽ ያርፋል። በጠርዝ ላይ ያረፈ እግር ምን ያህል ቢያምርም ይጣላል። ሰሌዳውን እንዲረግጥ ብሎ የውሻውን እርምጃ በገመድ ማሳጠር ወይም ማስረዘም ግን ከቶ አይገባም፤ የሚሻለው የመነሻውን ቦታ በአንድ መዳፍ ያህል እያራቁ ወይም እያቀረቡ ደጋግሞ ማስኬድ ነው። ለእያንዳንዱ እግር አምስት ትክክለኛ ምልልስ ማግኘት የተለመደው ልማድ ሲሆን፣ ከትልቅ ውሻ ይህን ለማግኘት ሠላሳ ጊዜ ማመላለስ ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ያመመው እንስሳ በመካከሉ እንዲያርፍ ጊዜ ይመደብ።

ምልክት፦ ትንሹ ውሻ በተወሰነው ፍጥነት ሶምሶማ አልሄድ ብሎ ወደ ግልቢያ ይቀየራል፣ ትልቁ ደግሞ በዚያው ፍጥነት ይጎተታል

እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ከመሣሪያ ስህተት ይልቅ የመመሪያ ስህተት ነውና በቀላሉ አይታይም። ለመካከለኛ ውሾች የሶምሶማ ምርመራ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ1.7 እስከ 2.1 ሜትር ተብሎ ይወሰናል። ፍጥነት ሲጨምር ከፍተኛው ኃይል ስለሚጨምርና እግሩ መሬት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ስለሚያጥር ፍጥነትን መወሰኑ ትክክል ነው። ስህተቱ ያንኑ ቁጥር ለሁሉም መጠን መስጠቱ ላይ ነው። እግሩ አጭር የሆነ እንስሳ በረጅሙ ፍጥነት ሲሄድ ያው ሥራ እየሠራ አይደለም፤ ከእርሱ አቅም አንጻር እየተሯሯጠ ነው።

ለዚህ መለኪያ የሚሆነን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መርከቦችን በትንንሽ ሞዴል ይፈትን ከነበረው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ከዊልያም ፍሩድ ስም የተወሰደው ቁጥር ነው። ሮበርት ማክኒል አሌክሳንደር የተባሉት የእንስሳት እንቅስቃሴ ተመራማሪ ይህንኑ ቁጥር በእግር ለሚሄዱ እንስሳት ተጠቅመው፣ መጠናቸው የተለያየ እንስሳት የፍሩድ ቁጥራቸው እኩል ሲሆን ተመሳሳይ አረማመድ እንደሚኖራቸው አሳይተዋል። በሥራ ላይ የምንጠቀመው ቀለል ያለው መልክ አንጻራዊ ፍጥነት ነው፦ ፍጥነቱ በ9.81 (በመሬት ስበት ቁጥር) እና በሜትር በተለካው የትከሻ ከፍታ ብዜት ካሬ ሥር ይካፈላል። ትከሻው 57 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላብራዶር በሰከንድ 1.9 ሜትር ሲሄድ ካሬ ሥሩ 2.36 ስለሚሆን አንጻራዊ ፍጥነቱ 0.80 ነው። ትከሻዋ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነች ቺዋዋ በዚያው 0.80 እንድትሄድ የሚያስፈልጋት በሰከንድ 1.1 ሜትር ብቻ ነው። በ1.9 ብናስኬዳት አንጻራዊ ፍጥነቷ ወደ 1.36 ይወጣል፤ ይህ ሶምሶማ ወደ ግልቢያ ወደሚለወጥበት ድንበር የተጠጋ ስለሆነ መዝለሏ እምቢተኛነት ወይም ሕመም አይደለም። 78 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ግሬት ዴን ደግሞ እኩያው ፍጥነት 2.2 ሜትር ነው።

ስለዚህ ከምርመራው በፊት የእያንዳንዱ ውሻ የትከሻ ከፍታ በመለኪያ ተወስዶ የሚፈቀደው የፍጥነት ክልል ለእርሱ ይሰላ። የፍጥነት ለውጥ ገደቡን፣ ማለትም በሰከንድ ካሬ 0.5 ሜትር የሚባለውን፣ መቀየር አያስፈልግም፤ የመሬት ስበት ለሁሉም አንድ ስለሆነ ይህ ቁጥር ከመጠን ጋር አይለወጥም። ዳክስሁንድና መሰሎቹ ላይ ግን የትከሻ ከፍታ ያሳስታል፤ ደረታቸው ጥልቅ፣ እግራቸው አጭር ስለሆነ ከክርን እስከ መሬት ያለውን ለብቻ ለክቶ መመዝገብ ይሻላል። እንዲህ ተስተካክሎም ቢሆን የአንዱን ዝርያ ውጤት በሌላው ዝርያ መደበኛ ቁጥር መዳኘትን አልመክርም። ግራውን ከቀኙ፣ ዛሬን ከሕክምናው በፊት ከነበረው ቀን፣ በዚያው ውሻ ላይ ማወዳደር ይበልጥ የሚታመን ነው። የግራና የቀኝ ልዩነት በሁለቱ አማካይ ተካፍሎ በመቶ ሲባዛ የክብደት መቶኛ ስህተት ራሱ ስለሚጣፋ ለትንንሽ ውሾች ይህ ስሌት ትልቅ እፎይታ ነው።

ፍጥነቱን የሚለኩት የብርሃን ጨረሮች ከፍታም አብሮ ይስተካከል። ጨረሩ ለላብራዶር ደረት ተሰቅሎ ከሆነ ትንሿ ውሻ ከሥሩ ታልፍና ሰዓቱን የሚያስነሣው የመሪዋ እግር ይሆናል፤ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ የትልቁ ውሻ እግሮች እየተፈራረቁ ይቆርጡታል። ትክክለኛው ቦታ የውሻው ደረት ነው፤ መሪው ደግሞ ከጨረሩ ውጭ ይሂድ።

ምልክት፦ የመገጣጠሚያ ማዕዘኖች ይዘላሉ ወይም ከሚታመነው ውጭ ይሆናሉ

በካሜራ የሚሠራው ምርመራ በቆዳ ላይ በሚለጠፉ አንፀባራቂ ኳሶች ላይ የተመሠረተ ነው። ኳሱ ከትክክለኛው አጥንት 1 ሴንቲ ሜትር ቢስት፣ 25 ሴንቲ ሜትር በሆነ የትልቅ ውሻ ጭን ላይ የሚያመጣው የማዕዘን ስህተት ከ2 ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል፤ 8 ሴንቲ ሜትር በሆነ የትንሽ ውሻ ጭን ላይ ግን 7 ዲግሪ ነው። ለሰው የሚውሉት 14 ሚሊ ሜትር ኳሶች በትንሽ ውሻ ላይ ሲለጠፉ ደግሞ በካሜራው ምስል ላይ አንዱ ከሌላው ይዋሃዳል፤ ሶፍትዌሩም የጉልበቱን ከቁርጭምጭሚቱ ያምታታል። ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆኑ ኳሶችን መጠቀም፣ ካሜራዎቹን ማውረድና ማቅረብ፣ ከዚያም ካሊብሬሽኑን (መሣሪያውን በታወቀ መጠን ማስተካከሉን) ውሻው በሚሄድበት ከፍታ ላይ እንደ አዲስ መሥራት ያስፈልጋል። በሰው ቁመት ልክ የተሠራ ካሊብሬሽን በወለሉ አጠገብ ደካማ ነው።

ኳሱን ከመለጠፍ በፊት መገጣጠሚያውን በእጅ እያጠፉና እየዘረጉ አጥንቱን በጣት ማግኘት፣ ጸጉር የበዛበት ውሻ ከሆነም ባለቤቱን አስፈቅዶ የሳንቲም ያህል ቦታ መላጨት ተገቢ ነው። በጸጉር ጫፍ ላይ የተለጠፈ ኳስ የሚለካው የጸጉሩን ውዝዋዜ ነው። ቆዳቸው የላላ ትልልቅ ዝርያዎች ላይ ግን መላጨትም አያድንም፤ በተለይ ጉልበትና ዳሌ ላይ ቆዳው ከአጥንቱ በላይ ስለሚንሸራተት፣ በእነዚህ ላይ የሚገኘውን ማዕዘን ከራሱ ካለፈው መዝገብ ጋር እንጂ ብቻውን አላምነውም። ኳሶቹን በየጉብኝቱ የሚለጥፈው አንድ ሰው ይሁን።

ጊዜም እዚህ ይገባል። የላብራዶሩ የፊት እግር በሶምሶማ ሩብ ሰከንድ ያህል መሬት ላይ ቢቆይ፣ በሰከንድ 100 ምስል የሚያነሣ ካሜራ 25 ምስል ያገኛል፤ በዚያው አንጻራዊ ፍጥነት የምትሄደው ቺዋዋ ግን 15 ምስል ብቻ ትሰጠዋለች። ስለዚህ ለትንንሾቹ በሰከንድ 200 ምስል መቅረጽ ይሻላል።

ምልክት፦ የግፊት ምንጣፉ የትንሹን መዳፍ ቆራርጦ ያሳያል፣ የትልቁን ያደባልቃል

የግፊት ምንጣፍ በርካታ ተከታታይ እርምጃዎችን በአንድ ምልልስ ስለሚይዝ ለትንንሽ ውሾች ከሰሌዳ ይልቅ ይመቻል፤ የሚለካው ግን ቀጥታውን ኃይል ብቻ ስለሆነ የመግፋትና የማቆም ኃይልን ከእርሱ መጠበቅ አይቻልም። ሴንሰሮቹ በ1.27 ሴንቲ ሜትር የሚራራቁ ምንጣፍ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መዳፍ፣ እንደ ሙሉ ክብ ብንቆጥረው እንኳ፣ አራት ወይም አምስት ሴንሰር ብቻ ይሸፍናል፤ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነው የማስቲፍ መዳፍ ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ክብደት ከመዳፍ ስፋት ይልቅ ፈጥኖ ስለሚጨምር ትንሹ ውሻ በእያንዳንዱ ሴንሰር ላይ የሚያሳርፈው ግፊትም ያነሰ ነው፤ ከመነሻ ገደቡ በታች የሆነው ሴንሰር ዝም ሲል መዳፉ ለሁለት ተከፍሎ ይታያል። ከላይ የተነጠፈውን ወፍራም ጎማ በቀጭኑ መለወጥና ካሊብሬሽኑን በቀላል ክብደት መሥራት ያሻሽለዋል፦ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የእንጨት ክብ ላይ 1 ኪሎ ሚዛን አስቀምጦ ምንጣፉ በተለያዩ ቦታዎች አንድ ዓይነት ንባብ ይሰጥ እንደሆነ ማየት በቂ ፍተሻ ነው።

በትልቁ ውሻ በኩል የሚታየው ስህተት ሌላ ነው። በሶምሶማ የኋላ እግር የሚያርፈው የፊት እግር በለቀቀው ቦታ ላይ ወይም አጠገቡ ስለሆነ ሶፍትዌሩ ሁለቱን እንደ አንድ መዳፍ ይቆጥራቸዋል፤ ስያሜውን ከጎን በተቀረጸው ቪዲዮ እያመሳከሩ በእጅ ማረም ግድ ነው። በዚያው ቪዲዮ ላይ ውሻው የግራ እግሮቹን በአንድነት፣ የቀኝ እግሮቹን በአንድነት እያነሣ፣ የሰጋር በቅሎን በሚያስታውስ ሁኔታ ሲሄድ ከታየ ምልልሱ የሶምሶማ አይደለም። ትልልቅ ውሾች በዝግታና በሶምሶማ መካከል ባለው ፍጥነት ሲያዙ ብዙ ጊዜ ወደዚህ ይገባሉ፤ ጥቂት ማፍጠን ያወጣቸዋል።

ምልክት፦ ባለቤቱ «ታነክሳለች» ይላል፣ መዝገቡ ግን ጤነኛ ናት ይላል

ከላይ ያለው ሁሉ ተስተካክሎ ይህ ከቀረ፣ ትንሽ ውሻ ላይ በመጀመሪያ የማስበው የጉልበት ሎሚ መውለቅን ነው። በትንንሽ ዝርያዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ጠባዩም ልዩ ነው። ውሻዋ ደህና እየሄደች ሳለ በድንገት አንዱን የኋላ እግሯን ለአንድ ወይም ለሁለት እርምጃ አንሥታ በሦስት እግር ትዘልና፣ ሎሚው ወደ ቦታው ሲመለስ ምንም እንዳልሆነች ትቀጥላለች። እኛ ደግሞ ፍጥነቱ የተስተካከለውን፣ አራቱም እግሮች በሥርዓት ያረፉበትን ምልልስ «ትክክለኛ» ብለን እንይዝና የዘለለችበትን እንጥላለን። በዚህ መንገድ ሕመሙን ራሱን በገዛ እጃችን ከመዝገቡ እናወጣዋለን።

ስለዚህ ለትንንሽ ውሾች የምይዘው ወረቀት ሁለት ዓምድ አለው፦ በአንዱ የተያዙት ምልልሶች፣ በሌላው የተጣሉት ከነምክንያታቸው። በሁለተኛው ዓምድ ላይ «ቀኝ የኋላ እግሯን አንሥታ ዘለለች» የሚለው ቃል ከሃያ ምልልስ ስድስት ጊዜ ከተጻፈ፣ ለሐኪሙ የምሰጠው መጀመሪያ ያንን ዓምድ ነው፤ የሰሌዳውን ቁጥር ከእርሱ ቀጥሎ አያይዤ እልካለሁ።